የክሊንሩም ሠራተኞችን በቪአር ማሠልጠን፦ ከምን ልጀምር?

ቫያሏ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። መርፌ መድኃኒት ቫያል (ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ) ውስጥ በምንሞላበት ፋብሪካ፣ ክሊንሩም (አየሩ ተጣርቶ ብናኝና ጀርም የሚጠበቅበት ክፍል) ለሚገቡት ሠራተኞች ሥልጠናውን የምከታተለው እኔ ነኝ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ያው ነው፦ ኤስኦፒውን (የአሠራር መመሪያውን) ያነባል፣ ይፈርማል፣ ግሬድ ቢ (በጣም ንጹሕ ከሆኑት ክፍሎች አንዱ) ሲገባ ግን ያነበበው ሁሉ ይጠፋበታል። መስመሩን ለልምምድ ማቆም ደግሞ አይታሰብም። አለቃዬ «ቪአር (በኮምፒውተር የተሠራ ምናባዊ ዓለም) ይሠራልን» ብሎ ሁለት ኸድሴት (ዓይን ላይ የሚታሰር የቪአር ማያ) ገዝቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ዕቃው ቀደመ፣ ሐሳቡ ገና ነው። ሠልጣኞቹ ስምንት ናቸው። እኔ ከጋውኒንግ፣ ከአለባበሱ ልጀምር ነበር። የሞከራችሁ ምን ትላላችሁ?

ዩኒቲ ሠሪው
እህቴ፣ ከአለባበስ አትጀምሪ። እኔ ጀምሬ ሁለት ወር በልቶኛል። ጨርቅን በሲሙሌሽን ማጠፍና መዘርጋት ከባድ ነው፤ ተሳክቶልሽ እንኳ ኮንትሮለር (የቪአሩን የእጅ መቆጣጠሪያ) የያዘ እጅ ጓንት ሲያጠልቅ ምንም አይሰማውም። ሰውን የሚያስቸግረው ቱታው ወለል ሳይነካ እግርን ማስገባት፣ የጓንቱን ጫፍ በእጅጌው ላይ ማውጣት ነው። ይህ የሚለመደው በእውነተኛ ልብስ፣ በመስታወት ፊት ነው።

ፔትሪ
በዚህ እስማማለሁ። ለአለባበስ ርካሽ ዘዴ አለ፦ በዩቪ መብራት የሚያበራ ዱቄት እጃቸው ላይ ቀቢ፣ ይልበሱ፣ ከዚያ መብራቱን አጥፍተሽ ዩቪውን አብሪ። የት የት እንደነኩ ራሳቸው ያዩታል፤ ክርክር የለም።

ቪአሩን ለማይታየው ነገር አቆዪው፤ ለአየሩ ማለቴ ነው። እኔ ማይክሮባዮሎጂስት ነኝ፤ ሰው እጁን ከተከፈተ ቫያል በላይ ሲያሳልፍ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ጥፋት መሆኑን አያውቅም፣ ምክንያቱም የሚታይ ነገር የለም። ግሬድ ኤ (ክፍት ቫያሉ ያለበት፣ ከሁሉም ንጹሑ ቦታ) ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር የሚፈቀደው 0.5 ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሆነ ብናኝ እስከ 3,520 ነው። አየሩ ከሄፓ ማጣሪያው ከ0.36 እስከ 0.54 ሜትር በሰከንድ እየፈሰሰ ይወርዳል። ያ አየር ሌላ ነገር ሳይነካ ቫያሉ ጋ መድረስ አለበት፤ ፈርስት ኤር የምንለው እሱን ነው። ቪአር ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ስጡት። ሠልጣኙ እጁን ሲያስገባ ከእጁ በታች ያለው ቀይ ይሁን። አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም።

አደራ ግን፣ አየሩ እንዴት እንደሚፈስ ፕሮግራመሩ ከራሱ እንዳይፈጥር። ለክፍላችሁ የተሠራ የጭስ ጥናት (ጭስ ለቅቆ የአየሩን ፍሰት ማየት) ቪዲዮ ይኖራችኋል፤ ከእሱ ይቅዳ። የተሳሳተ አየር ከምታስተምሩ ባታስተምሩ ይሻላል።

ዩኒቲ ሠሪው
ይህ ይሠራል፤ ከጨርቁ በጣም ይቀላል። እንዲያውም ኮንትሮለሩ የእጅን ፍጥነት ይመዘግባል። የፍጥነቱን ገደብ ቁጥር ግን ከየትም አታምጡ፤ ከሠራተኞቻችሁ ረጋ ብላ የምትሠራውን አስገቡና የእሷን እንቅስቃሴ መነሻ አድርጉ።

ቫያሏ
ሁለት ሰዎች ለሙከራ አድርገውት አዞራቸው። አንዱ እስከ ምሳ ድረስ አልተሻለውም።

ዩኒቲ ሠሪው
በጆይስቲክ አስኪደሻቸው ይሆናል። ዓይን ሲሄድ እግር ከቆመ ራስ ይዞራል። ማሽኑ ፊት አቁሚያቸው፣ መራመድ ካለባቸው በገዛ እግራቸው ይራመዱ። ለጀማሪ አሥር ደቂቃ ይበቃል። መነጽር የሚያደርግ ካለም በመነጽሩ ላይ በደንብ መቀመጡን እዪ።

ከደብሊን
እዚህ አየርላንድ መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ በኪውኤ (በጥራት ማረጋገጫ) እሠራለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ አለቃዎ ሳይፈጥኑ አይቀሩም ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመውና ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ አኔክስ 1 (ከጀርም ነጻ መድኃኒት አመራረት መመሪያ)፣ አሴፕቲክ (ጀርም ሳያስገቡ የሚሠራ) ሥራ ወዳለበት ግሬድ ኤና ቢ ያለ ተቆጣጣሪ የሚገባው ሰው የአለባበስ ምዘናውን ያለፈ፣ በተሳካ ሚዲያ ፊል (በመድኃኒቱ ፈንታ ጀርም የሚያሳድግ ፈሳሽ ሞልቶ የሚደረግ ሙከራ) የተሳተፈ እንዲሆን ይጠይቃል። ሰነዱን የዓለም ጤና ድርጅትም አብሮ ስላረቀቀው ለእናንተም ባዕድ አይደለም። በቪአር 95 ከመቶ ማምጣት ከሁለቱ አንዱንም አይተካም። ስለዚህ «አለፈ» «ወደቀ» የሚል ነገር አያስገቡበት። ውጤቱ የሥልጠና ማስረጃ ሆነ ማለት ሶፍትዌሩ ራሱ ቫሊዴት መደረግ (በትክክል መሥራቱ በማስረጃ መረጋገጥ) ይኖርበታል፤ በሁለት ኸድሴት የተጀመረ ሥራ የት እንደሚደርስ አስቡት። መለማመጃ ብቻ ይሁን፣ ማንም በቀረው ልክ ይደጋግመው።

ኸድሴቱም ክሊንሩም ደጃፍ አይድረስ፤ ስፖንጁ ብቻ ስንት ላብ እንደሚይዝ!

ቫያሏ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ አለባበሱን በዱቄቱ፣ አየሩን በቪአር። የመጀመሪያውን ትዕይንት መርጫለሁ፦ መስመሩ ላይ ቫያል ወድቆ ሌሎቹን ዘግቷል። በጎን ገብቶ በመቆንጠጫ ያነሳዋል ወይስ እጁን ከላይ ይዘረጋል? ከላይ የዘረጋ ከእጁ ሥር የነበሩት ክፍት ቫያሎች ሁሉ ቀይ ይሆኑበታል፣ እነሱንም ቆጥሮ ማስወገድ አለበት።

ፔትሪ
መቁጠሩን ወደድኩት፤ እኛ ጋ የሚረሳው እሱ ነው። የዱቄቱ ልምምድ ግን ሌላ ክፍል ይሁን፣ ቱታውም ለብቻው ምልክት ይደረግበት። አለዚያ ናሙና ስወስድ ዱቄቱን ፕሌቴ (ጀርም የማሳድግበት ሳህን) ላይ አገኘዋለሁ።