ቦይለሩ 70 ላይ ተደርጎ ውሃው ከ38 ዲግሪ አያልፍም፤ ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ነው ወይስ ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያው)?

የቃሊቷ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ግድግዳ ላይ በቁሙ የተሰቀለ ባለ 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። ታርጋው ላይ 220 ቮልት፣ 1500 ዋት ይላል። ከተገጠመ 4 ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን ተከፍቶ አልተጠረገም። የሰፈሩ ውሃ የአቃቂ ጉድጓድ ነው። ቴርሞስታቱ 70 ላይ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ በቴርሞሜትር ሲለካ 18 ዲግሪ ነው። ሲበራ ቀዩ መብራት ይበራል፣ ከ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይጠፋል፣ ከሙቅ ቧንቧው የሚቀዳው ውሃ 38 ዲግሪ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ቢቆይም መብራቱ ለአጭር ጊዜ በርቶ ይጠፋል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ብሬከሩ አይወድቅም፣ ውሃውም አይነዝርም። አንዱ ባለሙያ “ሬዚስታንሱ አልቋል” ይላል፣ ሌላው “አዲስ ቦይለር ግዢ” ይላል። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚረጋገጥበት መንገድ ካለ ንገሩኝ።

ማብሪያ፦
መጀመሪያ ቮልቴጅ አስለኪ። ማታ ሰው ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ሲሆን 1500 ዋቱ ወደ 1000 ዋት ግድም ይወርዳል፣ ምክንያቱም ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው። ውሃው ለብ ብሎ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ብሎን ፈቺ፦
ማብሪያ ያለው በራሱ ትክክል ነው፣ የዚህች እህት ችግር ግን እሱ አይደለም። ቮልቴጅ ሲወርድ ቦይለሩ ይዘገያል እንጂ ቀዩ መብራት አይጠፋም። እዚህ መብራቱ ይጠፋል፣ ማለትም ቴርሞስታቱ “በቃ ሞቋል” ብሎ እየቆረጠ ነው።

እህቴ፣ የሰጠሽን ቁጥር ራሱ መልሱን ይዟል። 80 ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ከፍ እንዲል 0.093 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። 1.5 ኪሎዋት ለ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሲሠራ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፣ ይህም 20 ዲግሪ ነው። 18 ላይ 20 ስትጨምሪ 38 ይመጣል። ሬዚስታንሱ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነው፤ እንዳትቀይሪው። ውሃው 70 እንዲደርስ ከ3 ሰዓት በላይ መብራት ነበረበት።

ታዲያ ቴርሞስታቱ ለምን ይቸኩላል? የቴርሞስታቱ ዘንግ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ በሬዚስታንሱ ጥምዝ መሃል ነው ያለው። የጉድጓድ ውሃ ከለገዳዲ የገጸ ምድር ውሃ ይልቅ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይበዛበታል፣ ውሃው ሲሞቅ ይህ እንደ ኖራ እየጠጠረ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ድሬዳዋና መቀሌ ያሉ ሰዎች ይህን በጀበናቸው ውስጥ ያውቁታል። ኖራው ሬዚስታንሱንና ቱቦውን አንድ ላይ ሲያጣብቃቸው ሙቀቱ ወደ ውሃው ከመሄድ ይልቅ ወደ ዘንጉ ይሄዳል። ቴርሞስታቱ የሚለካው ውሃውን ሳይሆን ብረቱን ይሆናል ማለት ነው። ሁለተኛው ዕድል ቴርሞስታቱ ራሱ መሳቱ ነው። ሁለቱን የሚለየው መክፈት ብቻ ነው።

ብሬከሩን አጥፊ። የግድግዳው ማብሪያ አይበቃም፣ አንዳንድ ቤት ማብሪያው ፌዙን (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኑትራሉን (የመመለሻውን) ይቆርጣል፤ ክዳኑ ከተፈታ በኋላም ሽቦዎቹን በቴስተር ነክተሽ አረጋግጪ። ውሃው እስኪበርድ ጠብቂ። የቀዝቃዛውን ቫልቭ ዝጊ፣ አየር እንዲገባ የሙቁን ቧንቧ ክፈቺ፣ በሴፍቲ ቫልቩ (ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው ቫልቭ) እጄታ ወደ ባልዲ አፍስሺ። በቀላሉ የማይወርድ ከሆነ ቆሻሻ ዘግቶታልና ቫልቩን መፍታት ይኖርብሻል። ገመዶቹን በስልክ ፎቶ አንሺ። ቴርሞስታቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲሳብ ይወጣል። ከዚያ ሬዚስታንሱን የያዘውን ክብ የብረት ክዳን (ፍላንጅ) ብሎኖች ፍቺ፣ ሰፊ መያዣ ከሥር አድርገሽ፣ ምክንያቱም የቀረው ውሃ ከነዝቃጩ በአንድ ጊዜ ነው የሚወርደው።

ሬዚስታንሱን በቢላ ወይም በመዶሻ እንዳትነኪው። የውጭ ሽፋኑ ስስ ነው፣ ከተሰነጠቀ ውሃ ይገባበትና በሚቀጥለው ቀን ሻወር ላይ የምትነዘሪው አንቺ ነሽ። በረጅም ዕቃ ነጭ አቼቶ ሞልተሽ ብረቱን ብቻ ሌሊቱን አቆዪው፣ የገመድ መያዣው ጫፍ እንዳይነካ። ይፍለቀለቃል፣ ኖራው ይለቃል፣ ጠዋት በፕላስቲክ ብሩሽ ታጥቢዋለሽ። ሲደርቅ በመልቲሜትር ለኪው፦ ባለ 1500 ዋት በ220 ከሆነ 32 ኦም ግድም፣ ባለ 1200 ከሆነ 40 ግድም። ከእያንዳንዱ ጫፍ ወደ ብረት አካሉ ስትለኪ ምንም ማንበብ የለበትም። ትንሽም ቢሆን ካነበበ ያለ ክርክር ይቀየራል።

ቴርሞስታቱን በድስት ውሃ ፈትሺው። መልቲሜትሩን በመግቢያና በመውጫው ላይ አድርጊ፣ ዘንጉን ብቻ ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አስገቢ፣ ራሱ አይርጠብ። 60 ላይ አድርገሽ ቀስ እያልሽ አሙቂ። ከ55 እስከ 65 ባለው ውስጥ ከቆረጠ ደህና ነው። 40 ላይ ከቆረጠ የሚቀየረው እሱ ነው። ስትገዢ የዘንጉ ርዝመት ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፤ ካጠረ የሚለካው የቱቦውን አፍ ነው።

አያት 49፦
ይቅርታ፣ እዚሁ ልጠይቅ። የእኛ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም፣ ጠዋት ውሃው ለብ ያለ ብቻ ነው። ባለ 50 ሊትር፣ 1200 ዋት። ሽንት ቤቱ ላይ ከሙቅና ከቀዝቃዛ የሚደባለቅ ሻታፍ አለ።

ቧንቧ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሻታፉን ጠርጥር። የማደባለቂያው እጄታ ክፍት ተትቶ ውሃው በሻታፉ ጫፍ ብቻ ሲዘጋ፣ ሙቁና ቀዝቃዛው መስመር ውስጥ ለውስጥ ይገናኛሉ። ሙቅ በከፈታችሁ ቁጥር ቀዝቃዛው ቦይለሩን ዘሎ በዚያ በኩል ይመጣል። ፍተሻው አንድ ደቂቃ ነው፦ ቦይለሩ ሥር ያለውን የቀዝቃዛ ቫልቭ ዝጋ፣ ከዚያ የሙቁን ቧንቧ ክፈት። ትንሽ ተንጠባጥቦ መቆም አለበት። መፍሰሱን ከቀጠለ ቀዝቃዛው የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ሻታፉን ከእጄታው ዝጋና ድገመው።

ማብሪያ፦
ያ ንጹሕ ከሆነ የእኔ ቮልቴጅ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቦይለሩ እየሠራ እያለ ባለሙያ በሁለት ቦታ ይለካ፣ ቆጣሪው ላይና ቦይለሩ ጫፍ ላይ። ቆጣሪው 215 ቦይለሩ 185 ካሉ ጥፋቱ የቤታችሁ መስመር ነው፤ የላላ ብሎን ወይም ቀጭን ሽቦ አለ፣ እዚያ ቦታ ላይ እሳት እየተጠነሰሰ ነው። ቦይለር በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ለብቻው ባለ 16 አምፔር ብሬከር፣ ከግራውንድ ጋር ነው የሚሄደው። ሁለቱም ቦታ ዝቅተኛ ከሆነ የሰፈሩ ኃይል ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አብሩት። 1200 ዋቱ በ180 ቮልት 800 ዋት ይሆናል፣ 50 ሊትሩን ከ18 ወደ 60 ለማድረስ 3 ሰዓት ይበቃዋል። ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ካልሞቀ ሬዚስታንሱን ለካው። በአንዳንዱ ቦይለር ሬዚስታንሱ ተቃጥሎም መብራቱ ይበራል።

የቃሊቷ፦
ተከፈተ። ግማሽ ባልዲ የሚሆን ነጭ ፍርፋሪ ወጣ። ሬዚስታንሱና የዘንጉ ቱቦ አንድ ላይ ተጋግረው እንደ በቆሎ እሸት ወፍረው ነበር። ከአቼቶው በኋላ 33 ኦም አነበበ፣ ወደ አካሉ ምንም የለም። ቴርሞስታቱ በድስቱ 60 ላይ ሲደረግ 58 ላይ ቆረጠ። ከተገጠመ በኋላ 60 ላይ አድርጌው መብራቱ ከ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በኋላ ጠፋ፣ ውሃው 59 ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረ፦ ፍላንጁ ላይ ያለው ሌላ ዘንግ ተበልቶ ሽቦው ብቻ ቀርቷል፣ ሴፍቲ ቫልቩም ሲሞቅ ይንጠባጠባል።

ብሎን ፈቺ፦
ስሌቱ 2 ሰዓት ከ36 ነው የሚለው፣ ስለዚህ ጤነኛ ነው። 60 ላይ ተዪው፤ ከዚያ በላይ ኖራው ይፈጥናል፣ ከ55 በታች ደግሞ ለባክቴሪያ ይመቻል።

የተበላው ዘንግ ማግኒዥየም ነው፤ በጋኑ ብረት ፋንታ እሱ እንዲዛግ የተደረገ ነው። ሽቦው ከቀረ አሁን የሚበላው ጋኑ ነው፣ ጋን ከተቀደደ አይጠገንም። በዚህ ሳምንት ቀይሪው፣ ከፍላንጁ ጎማ ጋር አብሮ፤ አሮጌ ጎማ ሁለተኛ ጊዜ አይታመንም። ብሎኖቹን ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቅሽ አጥብቂ፣ ከሙቁ ቧንቧ ውሃው ያለ አየር መፍሰሱን ሳታዪ ብሬከሩን አታንሺ። ሬዚስታንስ በደረቁ ከበራ በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። ከዚያ በአቃቂ ውሃ በየዓመቱ ክፈቺው።

የቫልቩ መንጠባጠብ ሲሞቅ ብቻ ከሆነ ሥራው ነው። 80 ሊትር ከ18 ወደ 60 ሲሞቅ 1 ሊትር ከሩብ ያህል ይሰፋል፣ የሚወጣበት ሌላ ቀዳዳ የለውም። ሲበርድም ካላቆመ ቫልቩን ቀይሪው። ጠብታው ካስቸገረሽ በቀጭን ላስቲክ ወደ ፍሳሹ ውሰጂው፣ ጫፉ ግን ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። በምንም ምክንያት እንዳትደፍኚው።