ለደመወዝ ያወጣሁት ቲን ጫማ ለማስመጣት ያገለግለኛል?

ባለ ጫማዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ተቀጥሬ ነው የምሠራው፤ ጎን ለጎን የሴት ጫማ በቴሌግራም እሸጣለሁ። እስካሁን ከመርካቶ አስመጪዎች በጅምላ ነበር የምወስደው። አሁን ግን ከኢስታንቡል በቀጥታ፣ በወጉ፣ በራሴ ስም ላስመጣ አስቤያለሁ። ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አለኝ፤ ስቀጠር አሻራ ስጪ ተብዬ ያወጣሁት ነው። ለንግዱ ሌላ ላውጣ ወይስ ያው ይበቃል? ቫትስ የግድ ነው? ጓደኛዬ “ቫት ውስጥ ከገባሽ አለቀልሽ” ብላ አስፈራርታኛለች። የጉምሩክን ነገር የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

አቋራጭ

እህቴ ምን አደከመሽ? ፈቃድ ያለው ሰው ፈልጊና በሱ ስም አስገቢ። ኮሚሽኑን ትከፍያለሽ፣ ዕቃሽን ትወስጃለሽ። ብዙ ሰው የሚሠራው እንዲህ ነው።

የቃሊቲው ዲክላራንት

ከላይ ያለው ምክር እንዳይሸውድሽ። ዲክላራሲዮኑ ላይ (ዕቃ ሲገባ ለጉምሩክ የሚቀርበው ማሳወቂያ) የሚጻፈው የማን ቲን ነው? የሰውየው። ስለዚህ በወረቀት ዕቃው የሱ ነው። ጉምሩክ ላይ የተከፈለው ቫትና ዊዝሆልዲንግ (በቅድሚያ የሚያዝ የገቢ ግብር) የሚታሰበውም ለሱ ነው፤ አንቺ ብሩን አውጥተሽ ያለ ሰነድ ትቀሪያለሽ። ነገ ኦዲተር መጥቶ “ይሄን ጫማ በስንት ገዛሽው?” ቢል የምታሳዪው ነገር የለም፤ ወጪሽ ውድቅ ይሆናል። ቲን ማዋስና መዋስ ደግሞ በታክስ አስተዳደር አዋጁ፣ በ983/2008፣ ያስቀጣል።

ሌላ ቲን ግን እንዳታወጪ። ለአንድ ሰው አንድ ቲን ነው፤ አሻራሽም ሲስተሙ ላይ አለ። በግልሽ ከነገድሽ ንግዱ እዚያው ቲን ላይ ይጨመራል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ካቋቋምሽ ነው ማኅበሩ የራሱን የሚያወጣው።

ከዚያ የንግድ ምዝገባና የአስመጪነት ፈቃድ ይከተላል። የችርቻሮ ፈቃድ አያስመጣም። አንድ የሚናቅ ነገር ልንገርሽ፦ ሻጩ በዋትስአፕ የሚያውቅሽ በቁልምጫ ስምሽ ከሆነ ኢንቮይሱ ላይ እሱኑ እንዳይጽፈው። ፈቃዱ ላይ ያለው ስምና ኢንቮይሱ ካልገጠሙ እስኪስተካከል ዕቃሽ መጋዘን ይቀመጣል፣ ኪራዩም ይቆጥራል።

ወደ ቫት እንምጣ። ተመዘገብሽም አልተመዘገብሽም ጉምሩክ ላይ መክፈልሽ አይቀርም። ጥያቄው መልሰሽ ታገኚዋለሽ ወይ ነው። ጫማው፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮ 1,000,000 ብር ነው እንበል፤ ቀረጡንም በታሪፉ ከፍተኛ ተመን፣ በ35 በመቶ፣ እንያዘው። ቀረጥ 350,000። ቫት 15 በመቶ የሚሰላው ቀረጡ ተጨምሮ በ1,350,000 ላይ ነው፤ 202,500። ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ታክስ) 10 በመቶ ደግሞ በቫቱም ላይ ጭምር ያርፋል (አዎ፣ በግብር ላይ ግብር)፤ 155,250። ሶሻል ዌልፌር የሚባለው ክፍያ በመነሻው 1,000,000 ላይ 3 በመቶ፣ 30,000። ዊዝሆልዲንግም በዚያው ላይ 3 በመቶ፣ ሌላ 30,000። ድምሩ 767,750 ብር፤ ያውም የትራንዚትና የመጋዘን ሳይቆጠር።

ከዚህ ውስጥ ቀረጡ፣ ሱር ታክሱና ሶሻል ዌልፌሩ አንዴ ሄደዋል፤ ጫማው ዋጋ ላይ ትጭኛቸዋለሽ። ዊዝሆልዲንጉ ከዓመታዊ ግብርሽ ይቀነስልሻል። ቫቱን ግን ማቀናነስ የምትችዪው ተመዝጋቢ ከሆንሽ ብቻ ነው፤ ከደንበኛ ከሰበሰብሽው ላይ በየወሩ እየቀነስሽ ልዩነቱን ታስገቢያለሽ። ካልተመዘገብሽ 202,500ው ወጪ ሆኖ ይቀራል፤ ከጎንሽ ያለው ተመዝጋቢ ነጋዴ ያንን ወጪ አይሸከምም። ጓደኛሽን ያስፈራት የካሽ ሬጅስተሩ፣ የየወሩ ማሳወቂያውና ያለ ደረሰኝ መሸጥ አለመቻሉ ይመስለኛል። እሱ ላይ አልዋሸችም፤ “ዋጋ በኢንቦክስ” የሚባለው ነገር ያበቃል። ደግሞም በዓመት ሁለት ሦስቴ ይህን ያህል ካስመጣሽ ሽያጭሽ የምዝገባ ጣሪያውን ስለሚያልፍ የምትመርጪው ነገር አይሆንም።

ዲክላራሲዮኑን ከነደረሰኙ አስቀምጪ። ቫቱን የምታቀናንሺው በሱ ነው።

ባለ ጫማዋ

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ እንዲህ ቁጭ አድርጎ ያስላልኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሥራዬን መልቀቅ አለብኝ? ደግሞ ሻጩ “ኢንቮይሱን በግማሽ ዋጋ ልጻፍልሽ” እያለኝ ነው።

አቋራጭ

ጻፍልኝ በይዋ 😄

የቃሊቲው ዲክላራንት

አቋራጭ፣ አንተ ሰው አታሳስት።

መሥሪያ ቤትሽ የሚከለክል ደንብ ከሌለው ሥራሽን አትልቀቂ። ደመወዝ በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ ሀ ነው፣ አሠሪሽ ቆርጦ ይከፍላል፤ ንግዱ ሠንጠረዥ ሐ ነው፣ ራስሽ ታሳውቂያለሽ። ቲኑ አንድ፣ ስሌቱ ለየብቻ።

የግማሽ ኢንቮይሱን ነገር ተዪው። ጉምሩክ ዋጋውን ካላመነበት ሲስተሙ ላይ ያለውን የተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ ወስዶ ያስከፍልሻል። መዝገብሽ ላይ ግን ግዢሽ ያው ግማሹ ይሆናል፤ ስትሸጪ ትርፍሽ አብጦ ይታይና ላላገኘሽው ትርፍ ግብር ትከፍያለሽ። በባንክ የላክሽው ዶላርም ከኢንቮይሱ ጋር መግጠም አለበት።

ቫት የምትመዘገቢው ደግሞ ጉምሩክ ሄደሽ አይደለም፣ ግብር የምትከፍይበት የገቢዎች ቅርንጫፍ ነው። ዕቃው ከኢስታንቡል ሳይነሳ ጨርሺው፤ ከምዝገባ በፊት የገባን ዕቃ ቫት ላቀናንስ ማለት ሌላ ጣጣ ነው።