«ባጽዕ ገባሁ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የአጎቴ ደብዳቤ አንድ መስመር ላይ ተይዣለሁ። አጎቴ ባሕር ኃይል ነበር። በ1958 ዓ.ም. ከምጽዋ ለእናቴ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ከሥራ ስወጣ ጥዋለትን አልፌ ባጽዕ ገባሁ። ጉምሩኩ ደጃፍ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።» ባጽዕ የምጽዋ ሌላ ስሟ ነው ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ሰው ምጽዋ እየኖረ እንዴት ምጽዋ ይገባል? ሌላው ደግሞ ባጽዕን መጀመሪያ በጸሎቱ ጸ ጽፎ ሰርዞታል፤ ከላዩ በፀሐዩ ፀ አርሞታል። ቀለሙ ፈስሶ ሁለቱም ፊደል ይታያል። ለምን አረመው?

የቅኔው ልጅ፦
እህቴ፣ እርማቱ ልክ ነው። ቃሉ ከብፅዓት ነው፤ ብፅዓት ደግሞ በፀሐዩ ፀ ነው የሚጻፈው። ጻድቅ፣ ካህን፣ ዋርስ እንደምንለው ባፅዕ «ተሳይ» ይሆናል። የኢየሩሳሌም ተሳላሚ ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት ስለቱን የሚሳለው እዚያ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
የቅኔው ልጅ፣ ቤቱ ሳይመታ አትዝለል። ምን ምንጭ ላይ ነው ስለት የተሳሉት? የዓረብ ጸሐፊዎች «ባዲዕ» የሚል ወደብ ያውቃሉ። ያዕቁቢ በ9ኛው መቶ ዘመን ከቤጃ ነገሥታት አገር ጋር አያይዞ ያነሳዋል። ዷድ የሚባለው የዓረብኛ ፊደል በግእዝ ፀ ነው። እርማቱ ከዚህ ይመጣል እንጂ ከብፅዓት አይመጣም።

ጅዳ የኖረ፦
እኔ ሃያ ዓመት ጅዳ ዕቃ ሳወርድ ነው የኖርኩት። ሸቀጥን «ቢዷዓ» ነው የሚሉት። ሥሩን እዩት፤ ባ፣ ዷድ፣ ዐይን። ወደብ በሸቀጥ ቢጠራ ምን ይገርማል? ከምጽዋ ደሴት ወደ ጅዳ ማዶ ይሻገር ከነበረው ሸቀጥ ውስጥ ደግሞ ሰው አለበት። ዝሆን ጥርስና ዝባድ ብቻ አይምሰላችሁ። የባሪያ ንግዱን ሳናነሳ ስለዚህ ቃል ብናወራ ደስ አይለኝም።

ፊደል ቆጣሪ፦
ስለ ንግዱ ያልከው እውነት ነው። ስለ ሥሩ ግን እንጠንቀቅ። ያቺን ባዲዕ ምጽዋ ናት የሚሉ እንዳሉ ሁሉ፣ የለም፣ ሱዳን ጠረፍ አቂቅ አጠገብ ያለችው ኤሪሕ ደሴት ናት የሚሉም አሉ።

እንግዳ፦
ምጽዋስ ከምጽዋት ነው አይደል? አያቴ «ምጥዋ» ነበር የሚሉት። ጸሎትን ጠሎት፣ ጾምን ጦም፣ ምጽዋትን ምጥዋት እንደሚሉት።

የቅኔው ልጅ፦
አይደለም! እዚህ ላይ አልለቅም። ግሡ መጽወተ ነው፤ መ ሥር ነው፣ ት ሥር ነው። ምጽዋዕ ግን ጸውዐ ብሎ ጠራ ካለው ነው፤ ም ባዕድ፣ ከሥሩ ውጭ የተጨመረ ፊደል ነው። ሠውዐ ብለህ ምሥዋዕ እንደምትለው፣ ጸውዐ ብለህ ምጽዋዕ ትላለህ፤ መጥሪያ ቦታ። ትግርኛ ዕዋን እስከ ዛሬ ይዟታል። እኛ ነን የጣልናት። ይህን ግስ ያወረደ ሁሉ ያውቀዋል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ማን ማንን ነው የሚጠራው?

የቅኔው ልጅ፦
በደሴት ያለው በየብስ ያለውን። ጀልባ አምጣ ብሎ።

ባሕርተኛው፦
ደሴቷ ውኃ አልነበራትም። ይህን ካላወቃችሁ ጥሪው አይገባችሁም። የሚጠጣው ማዶ በየብስ ካሉት ከሕርጊጎና ከምንኩሉ ነበር የሚመጣው። ቱርክ በ1557 (በፈረንጅ) ደሴቷን ያዘ፤ ማዶ ሕርጊጎ ላይ ግን በለው ከሚባለው ጎሳ የሆነው ናይብ ነበር የሚያዝዘው። ናይብ በዓረብኛ ምክትል ማለት ነው። ምክትል ይባል እንጂ ውኃውና የሲራራው መንገድ በእጁ ስለነበር፣ ሲከፋው ሁለቱንም ይዘጋ ነበር። ደሴቷ በመድፍ ተጠብቃ በጥም ትያዝ ነበር። ግብፅ በ1865 ከተረከበች በኋላ ነው፣ የግብፅ ሹም የነበረው ስዊሱ ሙንዚንገር በባሕሩ ላይ መንገድ አስደልድሎ ደሴቶቹን ከየብሱ ያገናኘው። ከዚያ ወዲያ ለጀልባ መጮኽ ቀረ።

የጠያቂዋም መልስ እዚሁ ነው። ጥዋለት መካከለኛዋ ደሴት ናት። ባጽዕ ጫፍ ላይ ያለችው፣ አሮጌው ከተማ፣ የዛጎል ድንጋይ ቤቶች ያሉባት። አጎትሽ ከመካከለኛዋ ወደ ጫፏ ተሻገረ፤ በቃ።

እንግዳ፦
«ጉምሩክ»ስ? ጣልያን ያን ያህል ዘመን ከርሞ የቱርክ ቃል መቅረቱ ይገርማል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ቱርክኛውም ከግሪክ የተቀበለው ነው፤ ግሪኩ ከላቲን። ትግርኛ ተናጋሪዎች «ዶጋና» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሱ የጣልያን ነው። አማርኛ ግን ቃሉን ከጣልያን አልወሰደም። ለኛ ሰው ምጽዋ ላይ የሚቀርጠው ቱርክ ነበርና። የድሮ ጸሐፊዎቻችን ግብፅንም «ቱርክ» እያሉ ነው የጻፉት። አጼ ዮሐንስ በ1884 (በፈረንጅ) ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ሲዋዋሉ አንዱ ፍላጎታቸው ዕቃና መሣሪያ በምጽዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ነበር። ውሉ ዓመት ሳይሞላው፣ በየካቲት 1885፣ እንግሊዝ እያየ ጣልያን ወረደ። ስለዚህ «ጉምሩክ» ስንል ያ ያልተከበረ ውል አብሮ ይሰማኛል።

ጅዳ የኖረ፦
ከ1990ው (በፈረንጅ) ጦርነት በኋላ ያየኋት ምጽዋ ከዓይኔ አልጠፋችም። ጥዋለት ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ጉልላቱ ተበስቶ፣ አሮጌዎቹ ቤቶች እንደ ወንፊት ሆነው ነበር። ያን ሁሉ ቦምብ የጣለባት የኛው አውሮፕላን ነው። እዚህ ስሟን ስንተነትን ይህንንም አንርሳ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አጎቴ የሻይ ቤቱን ጠረን ሳይቀር የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ከተማዋን በጣም ይወዳት ነበር። ባጽዕ ደሴቷ መሆኗ ገብቶኛል። እርማቱ ግን አሁንም አልለቀቀኝም።

የቅኔው ልጅ፦
ሌሎቹን ደብዳቤዎች ተመልከቺ። ጸሎትንና ፀሐይን በየትኛው ነው የሚጽፈው? ሁለቱን የሚያምታታ ከሆነ እርማቱ ምንም አይነግረንም። የማያምታታ ከሆነ ግን ዐውቆ ነው ያረመው።

ጠያቂዋ፦
አሁን አሥራ አንዱንም አየሁ። ጸሎት በጸ፣ ፀሐይ በፀ። አንድም ቦታ አላምታታም።