በኔፓል ቀጥቃጮች የተሠራ ከባድ ቦዊ ቢላ፦ ለመግዛት ለሚያስቡ ጥቆማ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሰፋ ያለ ግቢ ያላቸው ወገኖች ቁጥቋጦ ለመመንጠር፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ለመከትከት፣ ካምፕ ሲወጡም ማገዶ ለመፍለጥ የሚሆን አንድ ጠንካራ ቢላ የቱ እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የኔፓል ቀጥቃጮች የሚሠሩት ከባድ ቦዊ ስሙ ደጋግሞ ይነሣል። መልሴን አስቀድሜ ልስጥ፦ ዋና ሥራው እንጨት መቁረጥና መፍለጥ ለሆነ ሰው በኔፓል በእጅ የተቀጠቀጠ ቦዊ እጅግ ጥሩ መሣሪያ ነው። ሆኖም ሻጩ የቢላውን ርዝመት ብቻ ጽፎ ክብደቱን፣ የጀርባውን ውፍረትና ሚዛኑ የሚያርፍበትን ቦታ ካልገለጸ፣ ፎቶግራፉ የቱንም ያህል ቢያምር መግዛት አይገባም።

ቦዊ በመሠረቱ የኔፓል ቢላ አይደለም። ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው ጀምስ ቦዊ ሲሆን፣ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1827 በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በናቼዝ ከተማ አጠገብ በተነሣ ጠብ ክፉኛ ቆስሎ ሳለ በትልቅ ቢላው ባላጋራውን መግደሉ ዝናውን በአገሩ ሁሉ አዳረሰው፤ በ1836 ደግሞ በአላሞ ውጊያ ሞተ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ቢላ ሠሪዎች ሳይቀሩ ለአሜሪካ ገበያ ቦዊ እያመረቱ ይልኩ ነበር። መለያው ረጅምና ሰፊ ብረቱ፣ በእጀታውና በብረቱ መካከል ያለው የእጅ መከላከያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጀርባው ወደ ጫፉ ሲደርስ ተቆርጦ የወጣለት የሚመስለው ሹል አፍንጫው ነው። የኔፓል ቀጥቃጭ ለዘመናት ሲሠራ የኖረው ግን ኩኩሪን ነው። ኩኩሪ ወደ ፊት የታጠፈ፣ ሆዱ የሰፋ፣ ክብደቱ ከእጀታው ርቆ ወደ ፊት የተጠጋ ቢላ ሲሆን፣ ከ1815 ጀምሮ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ባገለገሉት ጉርካዎች አማካይነት በዓለም ታውቋል። ስለዚህ የኔፓል ቦዊ የሚገዛ ሰው በኩኩሪ ጥበብ የተሠራ የባዕድ ቅርጽ እየገዛ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ የቢላው ብርታትም ድካምም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

አሠራሩን በቅርበት ማየት ይጠቅማል። በዳራን፣ በቦጅፑርና በካትማንዱ ዙሪያ ያሉት ቀጥቃጮች፣ ካሚ ወይም ቢሽዋካርማ የሚባሉት፣ ብረታቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከከባድ መኪና ባሌስትራ ነው። የእኛም አገር ቀጥቃጭ ባሌስትራን ጥሩ አድርጎ ያውቀዋል፤ መጥረቢያና ቢላ የሚያወጣው ከእሱ ነው። የዚህ ዓይነቱ የስፕሪንግ ብረት፣ በአሜሪካ ስያሜው 5160 የሚባለው፣ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦንና 0.8 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ይይዛል። ተጣጥፎ መመለስን የለመደ በመሆኑ ድንገተኛ ምት ሲያርፍበት በቀላሉ አይሰበርም። ብረቱ በከሰል እሳት እየጋለ በመዶሻ ከተቀረጸ በኋላ የሥራው ሁሉ ቁልፍ የሆነው ደረጃ ይመጣል። ቀጥቃጩ ቢላውን በሙሉ ውሃ ውስጥ አይነክረውም። እንደ ፍም የቀላውን ብረት ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ ይይዝና ከማንቆርቆሪያ ቀጭን ውሃ በስለቱ ላይ ብቻ ወዲያና ወዲህ ያፈሳል። ስለቱ ወዲያው ይጠነክራል፤ በጀርባው የቀረው ሙቀት ደግሞ ቀስ ብሎ ወደ ስለቱ ተመልሶ ከመጠን ያለፈውን ድርቀት ያበርደዋል። ውጤቱ ስለቱ ጠንካራ፣ ጀርባው ለስለስ ያለ ቢላ ነው። ጠንካራ እንጨት ሲመታ ንዝረቱን ጀርባው ስለሚውጠው ብረቱ ከሚሰነጠቅ ይልቅ ትንሽ መጉበጥን ይመርጣል።

ይህ ዘዴ የተወለደው ግን ለኩኩሪ ነው። በኩኩሪ ምቱ የሚያርፈው በሆዱ ላይ ስለሆነ ቀጥቃጩ ውሃውን አብዝቶ የሚያፈሰው እዚያው ላይ ነው፤ ወደ ጫፉና ወደ እጀታው ያለው ክፍል በመጠኑ ለስላሳ ሆኖ መቅረቱ ለኩኩሪ ጉዳት አይደለም፣ እንዲያውም ጫፉን ከመሰበር ይጠብቀዋል። ቦዊ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ቦዊ የያዘ ሰው በጫፉ ይወጋል፣ ይበሳል፣ በእጀታው አጠገብ ባለው ስለት ደግሞ እንጨት ይልጣል፣ ካስማ ያሾላል። እነዚህ ሁለት ቦታዎች በደንብ ካልጠነከሩ ቢላው መሐሉ ላይ ብቻ ቢላ ይሆናል። ስለዚህ ሲያዝዙ ለሻጩ በግልጽ መጻፍ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ ስለቱ የጠነከረው ከጫፉ ስንት ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ የት ነው? በቂ መልስ የሚሰጥ ሻጭ ሥራውን ያውቃል፤ «ሁሉም ጠንካራ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሻጭ ግን ወይ አያውቅም ወይ አልለካም።

ሁለተኛው ጉዳይ ክብደት ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማሳስበውም ስለ እሱ ነው። «ከባድ» የሚለው ቃል ለሽያጭ ያማልላል። 28 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 4.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከጀርባው ወደ ስለቱ እየቀጠነ የሚሄድ ብረት ብንወስድ፣ በጀርባው ውፍረት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ መጨመር ወደ 100 ግራም የሚጠጋ ክብደት ይጨምራል። ጀርባው 10 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ብረቱ ብቻውን ግማሽ ኪሎ ይደርሳል ወይም ያልፋል፤ እጀታውና መከላከያው ሲታከሉበት ቢላው ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ኩኩሪ ይህን ክብደት የሚሸከመው ቅርጹ ራሱ ምቱን ወደ ፊት ስለሚመራው ነው። ቀጥ ባለው ቦዊ ላይ ግን ያው ክብደት የሚያርፈው በእጅ አንጓ ላይ ነው፤ ከሩብ ሰዓት ሥራ በኋላ የደከመ እጅ ደግሞ አደጋ ነው። ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ጀርባው በእጀታው በኩል ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ወደ ጫፉ በግልጽ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ጠቅላላ ክብደቱ ከ700 ግራም የማይበልጥ፣ በጣት ላይ ሲያስቀምጡት ከመከላከያው ፊት ጥቂት ጣቶች ርቆ ሚዛኑን የሚጠብቅ ቢላ ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ቦዊውን ትቶ በቀጥታ ኩኩሪ ቢገዛ ለገንዘቡም ለክንዱም ይበጀዋል።

እጀታውን በተመለከተ፣ የኔፓል ሠሪዎች ሲሳው ከሚባለው የሮዝዉድ ዘመድ እንጨት ወይም ከውሃ ጎሽ ቀንድ ይሠሩታል። የብረቱ ጭራ በእጀታው ውስጥ አልፎ ከኋላ የሚታሰርበት አሠራር አለ፤ ጭራው በእጀታው ሙሉ ስፋት ሆኖ ሁለት ገበታ እንጨት በችንካር የሚታሰርበትም አለ። ለከባድ ቦዊ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚያጣብቁት በባህላዊው መንገድ ላሃ በሚሉት ሙጫ ሲሆን፣ ይህ ሙጫ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ስለዚህ በበጋ ቢላውን መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ እጀታውን ያላላዋል። ቀንድ ከእርጥብ አየር ወደ ደረቅ አየር ሲመጣ ሊሰነጠቅ ስለሚችል በተለይ በክረምት ማሞቂያ በሚነድበት ቤት የሚያስቀምጥ ሰው እንጨቱን ቢመርጥና በተልባ ዘይት እየወለወለ ቢይዘው ይሻላል።

ከሻጮቹ መካከል ሦስቱን ላነጻጽር። ካይላሽ ብሌድስ ገዢው የብረቱን ርዝመት፣ ውፍረትና የእጀታውን ዓይነት እየመረጠ እንዲያዝዝ ስለሚፈቅድ ከላይ የዘረዘርኩትን ልክ ለማሠራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሊያየው የሚገባ ነው፤ የእኔም ቀዳሚ ምርጫ እሱ ነው። ሂማላያን ኢምፖርትስ በኔቫዳ ግዛት በሬኖ የተመሠረተ የቆየ ድርጅት ሲሆን፣ ቢላዎቹ ወፍራምና ከባድ በመሆናቸው ይታወቃሉ፤ በሥራ ብልሽት ለሚሰበር ቢላ በሚሰጠው ዋስትናም ስሙ ይነሣል። በተለይ የምወድለት ግን የሠሩለትን ካሚዎች በስማቸው ማስተዋወቁን ነው። ሦስተኛው በካትማንዱ ታሜል ሰፈር የሚገኘው ኩኩሪ ሃውስ ነው፤ ወደ ኔፓል የሚጓዝ ሰው ቢላውን በእጁ ይዞ፣ ሚዛኑን ፈትሾ መምረጥ የሚችልበት መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። በእጅ የተሠራ ነገር ከጓደኛው ጋር ፈጽሞ አንድ ስለማይሆን በእጅ ይዞ መምረጥን የሚተካ ነገር የለም። በታሜል መንገዶች ለቱሪስት ከሚደረደሩት፣ ጌጡ የበዛ፣ ብረቱ ግን በአግባቡ ያልጠነከረ ቢላዎች መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እነዚያ ለግድግዳ እንጂ ለሥራ አይሆኑም።

የሠሪውን ስም ስለ ማወቅ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። በኔፓል ካሚዎች በዘር መደብ ሥርዓት ከዝቅተኞቹ ተቆጥረው «የማይነኩ» ተብለው ኖረዋል፤ የ1963ቱ የአገሪቱ ሕግ ይህን አድልዎ ቢሽርም፣ በ2011 ደግሞ ራሱን የቻለ የወንጀል ሕግ ቢወጣበትም፣ ንቀቱ ከኅብረተሰቡ ጨርሶ አልወጣም። የእኛም አገር ቀጥቃጭ ቡዳ እየተባለ፣ ማረሻውንና ጦሩን ከሚሠራለት ሕዝብ ተገልሎ የኖረ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስለዚህ ሁለት ቢላዎች በጥራት ቢተካከሉ ሠሪውን በስሙ የሚያስታውቀውን ሻጭ መምረጥ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

በፋብሪካ ከተሠሩት ጋር ማነጻጸርም ያስፈልጋል። የካ-ባር ቤከር 9 እና የኮልድ ስቲል ትሬይልማስተር ሁለቱም ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ሰፊ ቦዊዎች ናቸው። ጥንካሬያቸው ከጫፍ እስከ እጀታ እኩል ነው፣ አንዱ ከሌላው አይለይም፣ በቀላሉ ይገኛሉ። ቢላ ገዝቶ ያለ ብዙ ምርመራ ሥራ መጀመር ለሚፈልግ ሰው ቤከርን ሳላመነታ እጠቁማለሁ። የኔፓሉ ቦዊ የሚበልጣቸው በከባድ ምት እንጨት በመፍለጥ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ በ1976 የተመሠረተው የአሜሪካ ቢላ ቀጥቃጮች ማኅበር አባላት ሥራ አለ። በዚህ ማኅበር የመጀመሪያውን ማዕረግ የሚፈልግ ሠሪ የሠራው ቢላ የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ፣ አንድ የግንባታ አጣና ሁለት ጊዜ ቆርጦ መጣል፣ ከዚያ በኋላም ጸጉር መላጨት፣ በመጨረሻም በሞርሳ ተይዞ ሳይሰበር 90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት። ዋጋው ከኔፓሉ በብዙ ይበልጣል፤ ከገንዘብ ይልቅ ፍጹምነትን ለሚያስቀድም ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ አይገኝም።

ለፋሲካ በግ ከእርሻ ገዝተው የሚያርዱ ወገኖች ይህ ቢላ ለብልት ማውጣት ይሆናል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አይሆንም። በኔፓል ለዳሻይን በዓል ፍየል የሚሠዋው በኩኩሪ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ የአንድ ምት ሥራ ነው። የወፍራም ቦዊ ጎን ሥጋን ይገፋል እንጂ አይሰነጥቅም፣ ሥጋና ጅማት ለመለየት ቀጭን ቢላ ያስፈልጋል። አጥንት መምታትም ስለቱን ይሸርፈዋል፤ ለዚያ መጥረቢያ አለ።

ስለ ሕግ ደግሞ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ ተሰውሮ መያዝ የተከለከለበትን መሣሪያ የሚዘረዝረው ሕግ ቦዊ ቢላን በስሙ ይጠቅሰዋል። ቤት ውስጥ ማስቀመጥና በግቢ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ በልብስ ሥር ወይም በቦርሳ ደብቆ መውጣት ሌላ ነገር ነው። ወደ ካምፕ ሲሄዱ በአፎቱ ከተው፣ ጠቅልለው ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ማስቀመጥ ይበጃል። በእንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ከመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንዳንድ ትልልቅ ቢላዎችን በቤት ማስቀመጥ እንኳ የከለከለ ሕግ ስላለ፣ ከማዘዛችሁ በፊት የቢላውን ቅርጽ ከሕጉ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። ከኔፓል በቀጥታ ወደ አሜሪካ የሚያዝዝ ሰው ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ዕቃ የነበረው የቀረጥ ነፃነት በነሐሴ 2025 መታገዱን አውቆ፣ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ሻጩን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ቢላው ሲደርስ ከመጠቀም በፊት የሚደረግ ምርመራ አለ። የቢላው ስለት ላይ ሞረድ ቀስ ብለው ከጫፍ እስከ እጀታ ያስኪዱ፤ በጠነከረው ቦታ ሞረዱ ይንሸራተታል፣ በለስላሳው ቦታ ይነክሳል። የነከሰበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርገው ፎቶግራፍ ያንሡ። ጀርባውን ወደ ዓይንዎ አቅርበው ቀጥ ማለቱን ይመልከቱ፣ ትንሽ መጉበጥ በእጅ ሥራ ያለ ነው፣ ስንጥቅ ግን ተቀባይነት የለውም። ከዚያ ደረቅ እንጨት ላይ መጠነኛ ምቶች መትተው ስለቱን ይዩት፤ ከታጠፈ ጥንካሬው ያንሳል፣ ከተሸረፈ ከመጠን በላይ ደርቋል። ሁለቱም በሻጩ ሊለወጡ የሚገቡ ስለሆኑ ፎቶግራፉን በዚያው ሳምንት ይላኩ፤ ብረቱንም ካርቦን ስለሆነና ስለሚዝግ ጠርገው ዘይት ቀብተው ያስቀምጡ፣ ለረጅም ጊዜ ሲሆንም ከቆዳው አፎት ውጭ ያድርጉት።