የወረዳ ምክር ቤት ስለ ምንጭና ወንዝ ዳር ጥበቃ ምን ያህል መደንገግ ይችላል?

የደጋው ባለሙያ (ጠያቂ)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በሰሜን ሸዋ በአንድ የደጋ ወረዳ በአካባቢ ጥበቃ ሥራ የተሰማራሁ ባለሙያ ስሆን፣ የወረዳው ምክር ቤት በሚቀጥለው ጉባኤው የሚወያይበትን የምንጭና የወንዝ ዳር ጥበቃ ረቂቅ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። ችግሩን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገብስ ይዘራበት የነበረውን መሬት ባሕር ዛፍ እየወረሰው እስከ ምንጭ አፋፍ ወርዷል፤ ከከተማ የሚለቀቀው ፍሳሽም ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ ይገባል። በረቂቁ ላይ ባሕር ዛፍ ከምንጭና ከወንዝ ዳር እንዲርቅ፣ ፍሳሽ የሚለቁ ድርጅቶች ከፌዴራሉ ደረጃ የጠበቀ ደረጃ እንዲያሟሉ፣ ይህን የጣሰም በገንዘብ እንዲቀጣ ጽፌአለሁ። ከባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ወረዳ ይህን ሁሉ መደንገግ አይችልም ሲሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ሰጥቷል ይላሉ። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

ጠበቃ ከደብረ ብርሃን

የተከበሩ ጠያቂ፣ ባልደረቦችዎ የተለያዩት ሦስቱን ጉዳዮች እንደ አንድ ስላዩአቸው ይመስለኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50(4) ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል እንጂ እያንዳንዱ ወረዳ በፈለገው ጉዳይ ሕግ ያወጣል አይልም። መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የሚመለከተውን ሕግ የሚያወጣው በአንቀጽ 51(5) መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ ክልሎች ደግሞ በአንቀጽ 52(2)(መ) ሀብቱን በዚያው ሕግ መሠረት ያስተዳድራሉ። ስለዚህ የረቂቅዎ እያንዳንዱ አንቀጽ ከክልሉ ሕግ የሚያርፍበት ድንጋጌ ሊኖረው ይገባል።

የፍሳሹን ደረጃ በተመለከተ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣትን የሚፈቅደው ለክልሎች ነው፤ ከፌዴራሉ የላላ ደረጃ ማውጣትንም ይከለክላል። ለወረዳ ግን ይህን ሥልጣን አልሰጠም። ውሃውም ቢሆን በወረዳው ብቻ የሚቀር አይደለም። የበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ የጀማ ተፋሰስ ደግሞ የአማራና የኦሮሚያ ክልሎች የሚጋሩት ነው፤ ክልሎችን የሚያገናኙ ወንዞችም በአንቀጽ 51(11) ለፌዴራሉ መንግሥት የተተዉ ናቸው። ይህን አንቀጽ ከረቂቁ አውጥተው በወረዳው ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብነት ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቢልኩት ይሻላል።

ቅጣቱን ፈጽሞ አልደግፈውም። የወንጀል ቅጣት በሕግ ተደንግጎ ካልተገኘ በወረዳ ሰነድ አይፈጠርም፤ ፍርድ ቤት ቢደርስም አይጸናም። ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የማይጠቀምበትን የዚያኑ አዋጅ አንቀጽ 11 ለሕዝቡ ያስተዋውቁ። ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው ብክለት በሚያደርስ ወገን ላይ ለሥልጣን ላለው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ክስ ማቅረብ ይችላል።

የመንዝ ሰው

የጠበቃውን ሐሳብ እጋራለሁ። ነገር ግን ሕጉ ከላይ ብቻ እንደሚመጣ ተደርጎ እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። በመንዝ የጓሳ ሣር በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተጀመረውና ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሳርቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚፈተልበትና ከዝናብ የሚከልለው ገሳ የሚሠራበት ይህ ሣር አንዳንዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት ተከልሎ ይቆይ ነበር፤ መቼ እንደሚታጨድ የሚወስኑትም ከመሬቱ ላይ መብት ያላቸው ሰዎች የመረጡት አለቃና እነሱ ራሳቸው ነበሩ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ የቆመበት የይዞታ መብት ስለተሻረ ጠባቂው ሥልጣኑን አጣ፣ ሣሩም ተጋለጠ። በኋላ አካባቢው በክልሉ መንግሥት ደንብ በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት ሲታወቅ፣ ጥበቃው የሕዝቡ ሆኖ የሕግ ከለላ አገኘ። ቀይ ቀበሮው ዛሬም ይታያል።

ከዚህ ተነሥቼ ለጠያቂው የምለው፣ የባሕር ዛፉን ጉዳይ በወረዳ ትእዛዝ ከማውጣት ይልቅ ከምንጩ የሚጠቀሙት አባወራዎችና እማወራዎች ራሳቸው በሚስማሙበት መተዳደሪያ ደንብ ቢጀምሩት የተሻለ ይሆናል ነው። ወረዳው ደግሞ ደንቡን ከመሬት አጠቃቀም ዕቅዱ ጋር አገናኝቶ ይደግፈው።

የደጋው ባለሙያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደረጃውንና ቅጣቱን አውጥቼ የቀረውን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦ «ማንኛውም ባለይዞታ ከምንጭና ከወንዝ ዳር በቂ ርቀት ላይ ካልሆነ በስተቀር ባሕር ዛፍ መትከል አይችልም።» ይህ ለማኅበረሰቡ ውይይት ይበቃል?

ጡረተኛ አርቃቂ

አይበቃም፤ ምክንያቱን በዝርዝር ልግለጽ። «በቂ ርቀት» የሚለው እያንዳንዱን ገበሬ ከጎረቤቱ ያጣላል። በ2016 በአዲስ አዋጅ የተተካው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ሲከለክል «ቀጥ ያለ ቁልቁለት» ብሎ አልተወውም፤ የሚለካ ቁጥር አስቀመጠ። ቁጥሩን ሕዝቡ ይወስን፤ ከየት እንደሚለካ ግን ጽሑፉ ይናገር። የበጋው ውሃ ጫፍ ከተወሰደ ክረምት ሲሞላ የተከለከለው መሬት በውሃ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ «ከክረምት ሙላት ዳርቻ» ቢባል ይሻላል።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። የከለከሉት «መትከልን» ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ የተከለ ሰው ስለሌለ ዛሬ በምንጩ አፋፍ ያለው ሁሉ እየተቆረጠ እያቆጠቁጠ ለዘመናት ሊቀጥል ይችላል። «መትከልም ሆነ ከጉቶ እንዲያድግ መተው» ብለው ያስፋፉት። ነባሩን ዛፍ ወዲያው ንቀሉ ማለት ግን አይገባም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40(7) ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ላደረገው ቋሚ ማሻሻያ ሙሉ መብት ስለሰጠው ካሣ ይጠየቅበታል። ከአሁኑ ቆረጣ በኋላ ጉቶው ይነቀል የሚል የመሸጋገሪያ አንቀጽ ያስገቡ፤ የመንቀያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም ረቂቁ ለምክር ቤቱ ከመቅረቡ በፊት ከወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ጋር ይነጋገሩ።