በቅንጬ አረም ለሚታመም ገበሬ ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦ የቆቦ ልጅ

ወላጅ አባቴ በራያ ቆቦ ማሽላና ጤፍ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ክረምቱ ገብቶ ቅንጬ በማሳውና በመንገዱ ዳር ነጭ አበባውን ሲያወጣ የዐይናቸው ቆብ ያብጣል፤ አንገታቸውና የክርናቸው መታጠፊያ እስኪደማ ድረስ ያሳክካቸዋል፤ ሌሊት ደግሞ ማስነጠሱ እንቅልፍ ይነሣቸዋል። ቀድሞ አረሙ ሲደርቅ ይተዋቸው የነበረው ሕመም አሁን በበጋም አልለቅ ብሏል። ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸው ክኒን አፍንጫቸውን ቢያስታግስላቸውም ለሽፍታው አልረዳቸውም፤ ስለዚህ ሎሚ እየቀቡ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። መሬቱን እንዲያከራዩ ብንለምናቸውም አይሰሙንም። እርሻቸውን ሳይተዉ ሕመሙን መቀነስ ይቻል እንደሆነ፣ የሚጎዳቸውም አበባው ብቻ ይሁን ወይስ ተክሉ በሙሉ፣ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ጤና መኮንን

እንደ አገላለጽዎ ከሆነ በአባትዎ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሳይደራረቡ አይቀሩም። ማስነጠሱ የሚመጣው ከአበባው ብናኝ ነው፤ ለዚህ ሴትሪዚንን የመሰለ ፀረ አለርጂ ክኒንና በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ይረዳል። ሽፍታው ግን በቅጠሉ፣ በግንዱና በአበባው ላይ ባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ውስጥ ከሚገኘው ፓርቴኒን ከተባለው ንጥረ ነገር የሚመጣ የቆዳ ቁጣ በመሆኑ ክኒኑ ብዙም አይነካውም። ተክሉ ደርቆ ሲሰባበርም ይኸው ነገር በአቧራ መልክ ስለሚበን፣ በበጋ መታመማቸው አያስገርምም።

ብዙ ጊዜ ይህ ሽፍታ የፀሐይ ነው ተብሎ ይታለፋል። የዐይን ቆባቸውን፣ የጆሯቸውን ጀርባና የአገጫቸውን ሥር ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ፀሐይ የማያገኛቸው እነዚህ ቦታዎች ከተቆጡ ጥፋተኛው በአየር የሚመጣ ብናኝ ስለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው። ችላ ከተባለ ግን ቆይቶ ቆዳው ፀሐይን ጭምር ወደማይችልበት ደረጃ ሊደርስ ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ቢያያቸው ይመረጣል። ለፊት የሚታዘዘው ቅባት ለስላሳ መሆን አለበት፤ ጠንካራውን የስቴሮይድ ቅባት ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ዐይን አካባቢ መቀባት ቆዳን ያሳሳል፣ ዐይንንም ይጎዳል። ሎሚውንማ ዛሬውኑ ያስተዉአቸው፤ የሎሚ ጭማቂ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ራሱን የቻለ ቃጠሎ ያመጣል። ደረታቸው ሲር ሲር ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ አይዘግዩ።

መልስ፦ አርሶ አደር ከሐረርጌ

እኛ ዘንድ ፈረምሲሳ የምንለው ይህ አረም ከ1970ዎቹ ጀምሮ አብሮን ስለኖረ ጠባዩን እናውቀዋለን። እጃቸው የሚያብጥ ሰዎች እኛም ጋ አሉ፤ እነርሱን ለአረም አናሰማራቸውም። አባትዎ ይረሱ፣ ይዝሩ፤ ለነቀላው ቀን ግን ደቦ ይጥሩና እርሳቸው ጠላውን ያቅርቡ። ነቃዮቹም ጓንት፣ ጓንት ከጠፋ ወፍራም ፌስታል በእጃቸው ያጥልቁ፤ እጅጌያቸውን ያውርዱ፤ አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ። የተነቀለውን እኛ ከርመን ሲደርቅ እናቃጥለዋለን።

መልስ፦ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ

ደቦው መልካም ሐሳብ ነው፤ ከርሞ ማቃጠሉን ግን አልደግፈውም። አበባ ያወጣ ቅንጬ ተነቅሎ ቢጣልም ዘሩ ይረግፋል፤ ደርቆ ሲሰበሰብ ደግሞ ብናኙ ሰዉን ያሳምማል። አንዱ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል፤ አፈር ውስጥ የተቀበረውም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ወሳኙ ነገር ጊዜው ነው። ቅንጬ በቀለ ከተባለ በአንድ ወር ገደማ ሊያብብ ስለሚችል፣ ቅጠሉ ገና እንደ ጎመን መሬት ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ ዝናብ ባረጠበው አፈር ከነሥሩ መንቀል ያስፈልጋል፤ ከላይ የተቆረጠ እንደሆነ መልሶ ያቆጠቁጣል። በእኔ እምነት የአባትዎ ዋናው ችግር ማሳው ላይሆን ይችላል፤ ማሳ ይታረማል፣ የቤቱን ዙሪያ፣ የመንገዱን ዳርና የከብት መዋያውን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ከደጃፋቸው ይጀምሩ፤ የጸዳውንም ቦታ ባዶ ከመተው ሣር ይዝሩበት። አረሙን የሚመገቡ ጢንዚዛዎች በአገራችን ተለቅቀዋል፤ ይሁንና ለዘንድሮ ክረምት አይደርሱላቸውም።

መልስ፦ ነዋሪነቱ ሜሪላንድ

አባትዎን ለሕክምና ወደ አሜሪካ ለማምጣት ካሰቡ ወሩን ይምረጡ። ራግዊድ የሚባለው የዚህ አገር አረም የቅንጬ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ብናኙ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መጀመሪያው ውርጭ ድረስ አየሩን ይሞላዋል። በአንዱ የሚያስነጥስ ሰው በሌላውም ሊያስነጥስ ይችላል።

የቆቦ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሥራ ልብሳቸውን የምታጥበው እናቴ ናት፤ በቅርቡ እርሷንም እጇን ማሳከክ ጀምሯታል። እርሷስ ምን ታድርግ?

ጤና መኮንን፦

አባትዎ ከማሳ እንደተመለሱ ልብሱን ደጅ ያውልቁ፤ ወደ መኝታ ከመግባታቸው በፊትም ፊታቸውንና አንገታቸውን በውኃና በሳሙና ይታጠቡ። እናትዎ ልብሱን ደረቁን አያራግፉት፤ በቅድሚያ ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ ከዚያም የጎማ ጓንት አድርገው ለብቻው ይጠቡት፤ ከሕፃናት ልብስ ጋር አይቀላቅሉት። ማሳከኩ ካልተዋቸው ከአባትዎ ጋር አብረው ይታዩ።