«ዊል» ወይስ «ዉድ»?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ «እደውላለሁ አለ» ለማለት «ሂ ሴድ ሂ ዊል ኮል» ነው ወይስ «ሂ ዉድ ኮል»? «ኢፍ» (የ«ከሆነ» ቃል) ሲገባበትስ?

መልስ 1፦ «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ኮል»። ዋናው ግስ «ሴድ» ኃላፊ ጊዜ ስለሆነ «ዊል»ንም ወደ ኃላፊ ጊዜ መልኩ፣ ወደ «ዉድ» ይወስደዋል። ስህተቱ የሚመጣው ከአማርኛችን ነው፤ እኛ የሰውየውን ቃል «እደውላለሁ» ብለን ሳንነካው እናስቀምጣለን። የሚደውልበት ሰዓት ገና ካልደረሰ ግን «ዊል»ም ስህተት አይባልም።

መልስ 2፦ ለ«ኢፍ» አማርኛው ራሱ ይመራሃል። «ከዘነበ እቀራለሁ» ካልክ «ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ አይ ዊል ስቴይ»። «ቢዘንብ እቀር ነበር» ካልክ «ኢፍ ኢት ሬይንድ፣ አይ ዉድ ስቴይ»። «ኖሮ» ከተጨመረ (ዘንቦ ቢሆን ኖሮ) «ኢፍ ኢት ሃድ ሬይንድ፣ አይ ዉድ ሃቭ ስቴይድ» ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ኢፍ ኢት ዊል ሬይን» እያለ ነው፤ በእንዲህ ያለ ሁኔታ «ዊል»ም ሆነ «ዉድ» ከ«ኢፍ» ጎን አይቀመጡም።

ጠያቂ፦ ስለዚህ «ነበር» ባየሁ ቁጥር «ዉድ» ልበል?

መልስ 2፦ አይ፣ እዚህ ጋ ጠንቀቅ በል! «በየቀኑ ይመጣ ነበር» ለሚል ልማድ «ዉድ ካም» ይሄዳል። «መኪና ነበረው» ግን ድርጊት ሳይሆን ይዞታ ነው፤ «ዩዝድ ቱ ሃቭ» ወይም «ሃድ» በል።

መልስ 3፦ ትህትናም አለ። «ዊል ዩ ዌይት?» «ትጠብቃለህ?» ነው፣ «ዉድ ዩ ዌይት?» ደግሞ ወደ «ቢጠብቁኝ?» ይጠጋል። ከሁለቱም በኋላ ግሱ እንዳለ ነው የሚገባው፤ «ዉድ ዌንት» የሚባል የለም።